የነጂባ ዋስ

ጅቡቲ፣ መስከረም 9 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለእናቴ እህት፣ ለእናቴም ምትክ ለወይዘሮ ሀጂራ፣
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ፈትል ተራ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ይህ ወረቀት ጉልበትዎ ሳያምዎ፣ ፈትልዎ ሳይበጠስ፣ ከጎረቤትም ጋር ሳይጣሉ ያግኝዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከሙቀቱ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። እዚህ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ እጁን አያነሳም፤ ይደክመዋል።

የምሥራች ልንገርዎ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ቡናውም ቆዳውም የሚገባው የሚወጣው እኔ ስከፍት ነው። የቀድሞ ጌታዬ፣ ፈረንጁ ሙሴ ቤርናል፣ ከአራዳ “ቡሽራ ታማኝ ነው” ብሎ ባይጽፍልኝ ኖሮ ከበረኝነት ተነስቼ እዚህ ባልደረስኩ። የሰውዬውን እንጀራ ሳመሰግን እርስዎ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ማን ይሳቅ?

እህቴን ነጂባን በእኔ ቦታ ሙሴ ቤት ለገረድነት ሳስገባት “ዋስሽ ማን ነው?” ሲላት እጄን አንስቼ “እኔ ነኝ፤ ብትጠፋ እኔ፣ ብትሰርቅ እኔ” ማለቴ ትዝ ይልዎት ይሆናል። እርስዎም በር ላይ ቆመው ነበር። ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ሥራውን እስክትለምድም ጥቂት ሳምንት አብሬያት ሠርቻለሁ።

አሁን ግን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰላምታዋ አልመጣልኝም። ተቀይማኝ ነው? በባቡር ለሚመጣ ሰው ቀይ የሐር ሻሽ ሰጥቼላታለሁ። ስታስረው እንዴት እንዳማረባት ያስጽፉልኝ። ለእኔም በርበሬ ይላኩልኝ፤ እዚህ ወጡ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል።

ልጅዎ ቡሽራ

—

አራዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለልጄ ለቡሽራ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከባሕሩም ከሙቀቱም ይጠብቅህ። ሹመትህን ሰምቼ እልል ብያለሁ፤ ቁልፉን ግን ኪስህ ውስጥ አትመነው፣ አንገትህ ላይ እሰረው። ልጅ ሳለህ ያልጣልከው ዕቃ አልነበረም።

ይህን የሚጽፍልኝ የጊዮርጊሱ ፍስሃ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ ለሰው ሁሉ ይጽፋል። የአንተንም የሚያነብልኝ እሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ሰው ነውና በሰው ፊት የሚነገረውን ብቻ እልክልሃለሁ። የቀረውን አንተው ጨምረህ አንብበው።

ነጂባ ደህና ናት። ለመውሊድ መጥታ ነበር፤ ዱዓው ሳያልቅ ተመለሰች። ትንሽ ጆሮዋን ያማታል። አንዳንዴ ስጠራት አትዞርም። ሻሹ ደርሷል፣ አምሮባታል። እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ነው የምታስረው። ለምን ብላት “የዘመኑ አስተሳሰር ነው” አለችኝ። ዘመኑን እኔ አላውቀውም።

በርበሬውን ልኬያለሁ። እኔም የምጠይቅህ አለኝ። እዚያ የፈረንጅ መድኃኒት አይታጣምና ለጆሮ የሚሆን ነገር ላክልኝ። ደግሞ አንተ እዚያ ቤት ብዙ ኖረሃል፤ የሰውዬው ጠባይ ሲመሽ እንዴት ነበር? ልጅቱን ከዚያ ቤት በሰላም ላወጣት ብፈልግስ፣ አንተ ዋስ ስለሆንክ ምን ማለት አለብኝ? አስበህ መልስልኝ።

አክስትህ ሀጂራ

—

ጅቡቲ፣ ኅዳር 16 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። በርበሬው ደርሶኝ የመጋዘኑ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ በላ። አላህ ከእጅዎ አያጉድልብን።

ለነጂባ የጆሮ ዘይት ልኬያለሁ። ሞቅ አድርገው ሲመሽ ጠብ ያድርጉላት። ብርድ ይሆናል፤ ያ ቤት ከላይ ነፋስ አለው።

ስለ ሙሴ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሲጠጣ ከፊቱ አለመቆም ነው። ሲጠራት ፈጥና ትድረስ። ስትመልስለት ቀና ብላ አትየው። ከእራት በኋላ ዕቃውን ለአብሳዩ ትታ ማድ ቤት ትደር፤ ኮቴው ሲቀርብ በኋላ በር መውጣት ትችላለች። እንዲህ ካደረገች ምንም የለም።

ከዚያ ቤት ማውጣቱን ግን እስከ ረመዳን ብቻ ያቆዩልኝ። የመጋዘኑ ሹም ሊነሳ ነው ይባላል። ቦታውን ለእኔ ለማድረግ የሙሴ አንዲት ቃል ትበቃለች። አሁን ዋስነቴን አወርዳለሁ ብል ሁሉም ይበላሻል። ሹም ከሆንኩ በኋላ ራሴ መጥቼ አወጣታለሁ፤ እርስዎም ፈትል ተራ መቀመጥ ይበቃዎታል።

ለነጂባ ወንድምሽ ይናፍቅሻል ይበሉልኝ።

ልጅዎ ቡሽራ

—

አራዳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1917 ዓ.ም.

ቡሽራ

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አላህ በሕይወት ያቆይህ።

ዛሬ ፍስሃን “ያልኩህን ሁሉ ጻፍ፣ አንተ ነውር ነው ብለህ የምታስቀረው እንዳይኖር” ብዬዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ ነው።

ሰውዬው ነጂባን ራሷን በከዘራ መታት። የመታት መኝታ ቤቱ አልገባም ስላለች ነው። የመጀመሪያውም አይደለም። ሻሹን እስከ ቅንድቧ የምታስረው ለዚህ ነበር። በኋላ በር ትውጣ ብለህ የላክኸውን እኔ ሞኟ ምክር መስሎኝ ነገርኳት። ሄዳ ስትገፋው በሩ ተቆልፎ ነበር። በመጨረሻ በአጥር ዘላ ነው የወጣችው።

ያገኟት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። አዳነች የምትባለው አጣቢ ያጠበችውን የሰው አንሶላ አንጥፋ አስተኛቻትና ከጓደኞቿ ጋር ተሸክመው አመጡልኝ። አንሶላው በደም ተበላሽቶ ነበር፤ ባለቤቱ ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ነጂባ በቀኟ ከናካቴው አትሰማም። በግራዋ ብንጮህባት ትንሽ የምትሰማ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ታያለች። ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ቡሽራ፣ ልቤ ቆሰለ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ልንገርህ። ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ጠብቄ የነጠላዬን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠርኩና “በሕግ አምላክ!” አልኩት። ዕድሜዬን ሁሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። የተቆራኘ ሰው፣ ጌታም ይሁን ለማኝ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ አይፈታም። መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ጎተተ። ፈትል ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ቋጠሮዬ እንደዋዛ አይላላም። ገበያው ከቦ “ሂድ! ሂድ እንጂ!” አለው። እኔ አጭር፣ እሱ ረጅም፣ እንደ ሙሽሮች ጎን ለጎን ሆነን ሄድን። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ዳኛው ደግ ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነስቶ ቋጠሮውን በገዛ እጁ ፈታው፤ ብዙ ለፋበት። “እማማ፣ የዚህ ሰው ዳኛ እኔ አይደለሁም። ፈረንጅ የሚዳኘው በቆንሲሉ ነው። እዚያ ሄደው ይክሰሱ” አለኝ። በየትኛው ቋንቋዬ? ሰውዬው ኮቱን አራገፈና በአስተርጓሚው “ገረዴ የብር ማንኪያ ሰርቃ ጠፍታለች፣ ዋሷ ይጠራልኝ” አለ። የእኔን ክስ መስማት የማይችለው ዳኛ የእሱን ሰማ።

ዘበኛ ሊይዛት መጣ። አዳነች እጇ ገና ከሳሙናው ሳይደርቅ “እኔ ዋስ ነኝ” ብላ በሩ ላይ ቆመች። ዳኛው ለጊዜው ተቀብሏት ለጥር መጨረሻ ሐሙስ ቀጠረን። ያን ቀን ዋናው ዋስ ካልቀረበ ወይም ቃሉን ካልላከ ነጂባ በሰንሰለት ትታሰራለች።

ልጄ፣ መድኃኒቱም ይቅር፣ ሻሹም ይቅር። አንድ ቃል ብቻ ላክ። “ዋሷ ነኝ፤ እህቴ ሌባ አይደለችም፤ የሰውዬውን እጅ አውቀዋለሁ” በል። ይህን ማወቅህ ከወረቀትህ ገብቶኛል።

አክስትህ ሀጂራ

—

አራዳ፣ ጥር 20 ቀን 1917 ዓ.ም.

ቡሽራ

ባቡሩ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ከጅቡቲ የወረደውን ሁሉ እየያዝኩ ጠየቅሁ። “ቡሽራ? ደህና ነው፤ ወፍሯል” ይሉኛል። አልሐምዱሊላህ። የሚወፍር ሰው እጁ መጻፍ እንደማያቅተው እኔም አውቃለሁ።

አንተ ዝም ብትል እዚህ ዝም ያላለ አለ። አዳነች አንድ ነገር አሰበች። በአራዳ ዋስ ሳይኖረው ሰው ቤት የሚገባ ሠራተኛ የለም፣ አይደለም? እንግዲያው ለዚያ ቤት ማንም ዋስ አይሁን አለች። ድልድዩ ሥር ካሉት አጣቢዎች ጀመረች፤ ቅመም ሻጯ ዘነቡ ለእስላሙ ሰፈር ነገረች፤ እኔ ለፈትል ተራ። ውሃ ቀጂዋ ቀረች። አጣቢዋ ቀረች። አብሳዩም ሚስቱ ስታለቅስበት ጊዜ ወጣ፤ ሲወጣም የብር ማንኪያው መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ተናገረ። ሰውዬው አሁን ሸሚዙን ራሱ ያጥባል ይባላል። አላየሁም እንጂ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደላላ ከወላይታ የመጣች አንዲት ልጅ ይዞ በዚያ ቤት በር ሲቆም ዘነቡ አየችው። ልጅቱ ዘመድ የላት፣ ቋንቋ የላት፤ ደላላው ራሱ ዋስ ሊሆን ነበር። ሴቶቹ ከበው ጮኹበትና ልጅቱን ነጥቀው ለእኔ አመጧት። አሁን ከነጂባ ጋር ጥጥ ትባዝታለች። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይግባባሉ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ለእናትህ ልጅ ብለህ።

ሀጂራ

ጸሐፊው ፍስሃ ነኝ። ቃሉ ሁሉ የእሳቸው ነው፤ ስድቡን ብቻ ቀንሻለሁ።

—

ጅቡቲ፣ የካቲት 8 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀጂራ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጠላትዎን ያርቅልኝ፤ ቤትዎን በረካ ያድርግልኝ።

የዘገየሁት ንዳድ ይዞኝ ነው። ወረቀቶችዎም በአንድ ላይ ነው የደረሱኝ። አንብቤ እህል አልበላልኝ ብሎ ሰነበተ። ለነጂባ መታከሚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በዚህ ሰው እጅ ልኬያለሁ፤ ሌላም እጨምራለሁ።

ከዚህ መጋዘን ሐዱሽ የሚባል ሰው ለሥራ ወደዚያ ወጥቷል። አግኝቷችሁ ከሆነ የሚለውን ሁሉ በሙሉ አይመኑ። ሰው በታዘዘበት ቦታ የሚናገረው ሌላ ነው፣ ልቡ ሌላ ነው።

ቀጠሮው እንዴት ሆነ? ነጂባስ ስለ እኔ ምን አለች? እባክዎ ይህን ብቻ ያስጽፉልኝ።

ልጅዎ ቡሽራ

—

አራዳ፣ የካቲት 24 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለቡሽራ

ገንዘቡን ላመጣው ሰው መልሼለታለሁ፤ ያምጣልህ።

እንዴት ሆነ ላልከኝ ልንገርህ። ሐዱሽ ዳኛው ፊት ቆመ። “ቡሽራ ዋስነቴን አውርጃለሁ፣ ከዛሬ ወዲያ ልጅቱን አላውቃትም ብሏል” ብሎ ማለ። እንደማይዋሽ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ውሸታም እንደዚያ አያፍርም። አንተም በወረቀትህ አልካድከው።

ዘበኛው ሰንሰለቱን ይዞ ተነሳ። አዳነች “ዋስ ነኝ” አለች። “የአንቺ ጊዜ አልቋል” አላት ዳኛው። ዘነቡ “እኔ” አለች። የአብሳዩ ሚስት “እኔ” አለች። ፈትል ተራ ውስጥ ከእኔ ጋር የማትነጋገር ባላንጣዬ እንኳ “እኔ ነኝ” ብላ ተነሳች። ከኋላ ያቺ የወላይታ ልጅ እጇን ከፍ አድርጋ “ዋስ” አለች። ከአማርኛ የምታውቀው ያቺን ብቻ ይመስለኛል። ዳኛው ሰንሰለቱን አስመለሰው። የማንኪያውን ነገር አብሳዩ የተናገረውን አስጻፈ፤ ፍርዱ ገና ነው። የከዘራው ነገር ግን ቆንሲሉ ዘንድ እንደተኛ ነው። የሚያነሳውም ያለ አይመስለኝም።

ስለ አንተ ምን አለች ላልከኝ ይህን ስማ። ሐዱሽ ተናግሮ ሲጨርስ ነጂባ እጄን ጎተተችና “ቡሽራ ምን አለ?” አለችኝ። አልሰማችም። አፌን ግራ ጆሮዋ ላይ አድርጌ “ዋሷ ነኝ ብሏል! እህቴ ሌባ አይደለችም ብሏል!” ብዬ ጮህኩ። ራሷን ነቀነቀች። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ ዋሽቼ አላውቅም። ዳኛውም ሰምቶ ዝም አለኝ።

ስለዚህ የምትመጣ ከሆነ ይህን ውሸቴን እንዳታፈርስብኝ። ልብህ እንዲቀልልህ ብለህ እግሯ ላይ ወድቀህ እንዳትነግራት። ከዚህ ዓለም የቀራት ወንድም አለኝ ማለት ብቻ ነው። ሸክሙን አንተው ተሸከመው።

ሀጂራ

—

ጅቡቲ፣ መጋቢት 5 ቀን 1917 ዓ.ም.

አክስቴ

ሰላምታ ለመጻፍ አፈርኩ።

ቁልፉን መልሻለሁ። ሹመቱንም ለሌላ ሰጡት። እኔ ያን ቃል በሐዱሽ የላክሁት እነዚህን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነበር፤ ይህን ለሌላ ሰው አልጽፈውም።

ወር ሳይሞላ እመጣለሁ። ዳኛውም ፊት፣ ከፈቀዱልኝ ቆንሲሉም ፊት፣ ሰውዬው እህቴን ሲመታት ያየሁትን እናገራለሁ። አዎን፣ አይቻለሁ። ለነጂባ ግን ያሉኝን እጠብቃለሁ፤ አልነግራትም።

ቤትዎ እንድገባ ይፈቅዱልኛል?

ቡሽራ

—

አራዳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቡሽራ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

ይህን ጋሼ ፍስሃ ነው የሚጽፍልኝ፤ አክስቴ ገበያ ስትወርድ የወላይታዋን ልጅ ልኬ አስጠራሁት። ለአክስቴ እንዳይነግር በጊዮርጊስ ምሎልኛል።

ወረቀትህን ሲያነብላት ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። በቀኜ አልሰማም፣ እሱ እውነት ነው። ግራዬ ግን ከገና ወዲህ ደህና ነው። ዘይትህ ይሁን አላህ ያውቃል። ለማንም አልተናገርኩም። የመጣው ሰው ሁሉ “ምን አደረገሽ? የት ላይ? ከዚያስ?” ሲለኝ መልስ ከመስጠት አለመስማት ይቀለኝ ነበር። ደክሟቸው ተዉኝ።

ሐዱሽ ያለውንም በደንብ ሰምቻለሁ። አክስቴን ምን አለ ያልኳት እሷ ምን እንደምትል ለማወቅ ነው። ጆሮዬ ላይ ስትጮህ እንባዋ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር። ራሴን የነቀነቅሁት ለእሷ ብዬ ነው። እንዳመንኳት ታስብ፤ አንተም እንዳትነግራት።

የመጀመሪያ ቀን ሲመታኝ አንተ በሩ ላይ ነበርክ። አየኸኝ፣ እኔም አየሁህ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገህ ዘጋኸው። ድምፅ እንዳያሰማ እጀታውን ይዘህ ነበር። ይህን ለአክስቴ ነግሬያት አላውቅም። ዳኛው ፊት ስትቆም ይህንንም ጨምረህ ተናገር።

ና፣ አትቅር። አክስቴ አፏ ነው እንጂ በርበሬህን አስደልዛ አስቀምጣለች። ረመዳን ከገባ በኋላ ከደረስክ ከአንድ ገበታ እናፈጥራለን። የወላይታዋ ልጅ አማርኛ እየለመደች ነው፤ ታስቀናለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሴቶቹ አሁን የማያውቁትን ወንድ ወደ ቤታችን ዝም ብለው አያሳልፉም። አዳነች መንገዱ ላይ ታቆምህና “ዋስህ ማን ነው?” ትልሃለች። ያኔ፣ ወንድሜ፣ ስሜን አትጥራ።

እህትህ ነጂባ